ሰው ሳይነካው የሚሠራው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ሰው ሳይነካው መሥራት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ነገሬ አላለችውም። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ መስኮት ሥር ነው፤ የልጇ ኮምፒውተር ደግሞ ከጀርባዋ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው አጠገብ። ልጇ ድሮ ወደ ሥራ ስትወጣ አጥፍታው ነበር የምትሄደው። አሁን ክፍቱን ትተወዋለች። ጥቂት ቆይቶ ማራገቢያው ማጉረምረም ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ባለ ቀለም እንክብሎች ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደግሞ ይታጠፋሉ። ማውዙን ከነኩት ቀጥ ይላል። እጅ ሲነሳለት፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

"ይሄ ነገር ምን እያደረገ ነው የሚውለው?" ብላ ጠይቃት ነበር።

"የሥራ ነው፣ እማ። ብቻ እንዳታጠፊው።"

ልጅቷ ይህን ስትል መሬት መሬት ነበር የምታየው። እናትን የከነከናት እሱ ነው። ይህች ልጅ መዋሸት አትችልበትም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ከወለሉ ላይ የጠፋባትን የምትፈልግ ነው የሚመስለው።

ደግሞም ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ከስታለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ትቆያለች፤ ስትወጣ ፀጉሯ ደረቅ፣ ዓይኗ ግን ቀይ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሳታርፍ ቁልፍ መትከሉን ከእናቷ እጅ ትቀማለች፣ "ዓይንሽ ይረፍ" እያለች። ሠርጓንም ለሚቀጥለው ዓመት ገፋችው። ክርክር የማይሰለቸው እጮኛዋ እንኳ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የወደፊት አማቱን ጥብቅ አድርጎ አቅፎ ወጣ።

ባለፈው ወር ደግሞ፣ "ልመረመር ነው፤ ብቻዬን ፈራሁ፣ አብረሽኝ ሂጂ" ብላት ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ሐኪሙ ተጫዋች ሰው ነው፤ "እግረ መንገዴን እናትየውንም ልያት" ብሎ የሁለቱንም ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። በኋላ ልጅቷን ብቻ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ስትወጣ፣ "ድካም ነው አለኝ" አለች። ወለሉን እያየች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እናት አላስችል አላትና ጎረቤቱ ሁሉ "ብሎን" የሚለውን መላጣውን የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራችው። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም" አለ፣ ትንሽ ነካክቶ።

"ታዲያ ማን ነው የሚያሠራው? ሌባ ገብቶበት ይሆን?"

"ሌባ ቢሆን ዶቃ ሲያጣጥፍ አይውልም" ብሎ ሳቀ። "ተመራማሪዎች ናቸው። ስሌቱ በዝቶባቸው ቆራርሰው በኢንተርኔት ለየሰዉ ቤት ያድሉታል። ባለቤቱ ሳይጠቀምበት ሲቀር፣ ኮምፒውተሩ ድርሻውን አስልቶ ይመልስላቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ወዶ ነው ታዲያ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው የሚያስገባው።"

"ስለ ምንድን ነው የሚመራመሩት?"

ብሎን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አነበበ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"የነርቭ በሽታ ነው። ጡንቻን ቀስ በቀስ ነው አሉ የሚያደክመው። መድኃኒት ገና አልተገኘለትም። መቼም ከስንቱ ምርምር ይህንኑ መርጦ የሚያስገባ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ..."

መቀሱ ከእጇ አመለጠ። ብሎን አንስቶ ሰጣት። ደግሞ አመለጣት።

"ድንጋጤ ነው። ይቀመጡ፣ እትዬ" አለ፤ ውሃም ቀዳላት።

እሱ ከሄደ በኋላ እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልጇ ሹራቦች ሥር፣ የሐኪም ቤቱ ፖስታ እንዳለ ታውቃለች። አልከፈተችውም። ሰው ያልሰጣትን አታነብም። ዓይኗን ጨፈነችና ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

"አንድ ናት። ሌላ የለኝም። የእሷን ለእኔ አድርገው።"

ረጅም ጸሎት አታውቅም። ከወንበሩ ለመነሳት ሁለቴ ሞከረች፤ በሦስተኛው ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

ከጀርባዋ ማራገቢያው አጉረመረመ። እስከ ዛሬ ድምፁን ትጠላው ነበር። አሁን ፀሐይ እንዳያግለው መጋረጃውን ሳበችለት፤ አቧራውን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገችለት።

"በርታ እንጂ" አለችው፣ እንደ ሰው።

ልጅቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች።

"ቁጭ በይ። ብሎን መጥቶ ነበር።"

ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፤ እናቷን አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ማውረድ ተሳናት።

"ነገረሽ?"

"ሁሉንም።"

ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ዘፍ አለችና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። "ልነግርሽ ነበር፣ እማ። በየቀኑ ዛሬስ ብዬ እነሳለሁ። አፌ እምቢ አለኝ።"

"እኔ ባዳ ነኝ እንዴ የምትደብቂኝ?" እናት ፀጉሯን ዳበሰችላት። "ስሚኝ፣ ልጄ። አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ፤ አሁንም አዝልሻለሁ። ማጉረስም ቢመጣ፣ ማጠብም ቢመጣ፣ ከእኔ የሚቀድም የለም። ሠርግሽንም አታዘግዪው። የሚወድሽ ከሆነ ታመመች ብሎ አይሸሽም።"

ልቅሶው ቀጥ አለ። ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለችና እናቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"እማ" አለች፣ "እኔማ ጤነኛ ነኝ።"