የመድረክ ሰይፈኛ

የሰይፍ ውድድር መግባት ያማረው ተዋናይ ረጅሙን ሰይፍ በሁለት እጁ ሰነዘረ። ዛሬም የመታው የአሰልጣኙን ሰይፍ እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

«አንተ ሰው፣ ስንቴ ልንገርህ? ብረቱን ተወውና እኔን ምታኝ!» አሉ የራስ ቁርና መከላከያ ልብስ ያጠለቁት አሰልጣኙ።

«እጄ እምቢ አለኝ ጋሼ!»

ለዓመታት መድረክ ላይ ከጓደኛው ከአስራደ ጋር ሲፋለም፣ እንዳይጎዳው ሰይፍ ከሰይፍ ብቻ ሲያጋጭ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ በእጁ እምቢታ እየተናደደ ሰይፉን አልፎ ሰውየውን የመምታት ልምምዱን ደጋገመ፤ በመጨረሻ ልማዱ ለቀቀው።

መስከረም ላይ ቴአትሩ እንደገና ተከፈተ። በፍልሚያው ትዕይንት አስራደ እንደወትሮው ሰይፉን ከፍ አድርጎ ጠበቀው። የተዋናዩ ሰይፍ ግን አልፎት ገባ። አስራደ ግንባሩን ይዞ ተንበረከከ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ወረደ።

«ኧረ መጋረጃ! መጋረጃውን ዝጉ!» ተዋናዩ ጮኸ።

ተመልካቹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።