እማዬ ብላ ስትጣራ

"እማዬ! ነይ፣ ነይ እንጂ!"

ልጇን ከአባቷ ቤት ልትወስድ የመጣችው እናት ድምፁን ከጓሮ ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። ልጅቷ መምጣቷን ገና አላየችም፤ ታዲያ እማዬ የምትላት ማንን ነው? እንጀራ እናቷን ነዋ! የፈራችው ደረሰ።

ዞራ ስትደርስ ሁለቱ አብረው በቆፈሩት ኩሬ ዳር ተንበርክከው ነበር። ብርቱካናማና ዝንጉርጉር ዓሦች ከልጅቷ ጣት ሥር ምግብ ይሻማሉ። የሴትየዋ እጅ ልጅቷን እንዳትወድቅ ከወገቧ ይዟታል። እናትየውም ብትሆን የምትይዛት ልክ እንደዚያ ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገባት እሱ ነው።

"ማንን ነው እማዬ የምትይው?"

ሴትየዋ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። "ኧረ በሞቴ፣ ዓሣዋን ነው!"

"ያቺን ትልቋን ቀይ" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።"

የእናትየው ፊት በራ። "በእኔ? ለምን?"

"ዓይኗን አትከድንም። ቀኑን ሙሉ ትንንሾቹን ስትከተል ነው የምትውለው።"

"እነሱስ?"

ልጅቷ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ አየች።

"ይሸሿታል።"