የላይኛው ፎቅ ስዊት

እንደሻው ሐረር የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናውን ሸዋ በር አጠገብ ካለው ሆቴል ግቢ አቆመና ሻንጣውን ራሱ እየጎተተ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደ።

የሆቴሉ ድርጅት በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። እንደሻው ለሥራ በሄደበት ሁሉ እዚያ ሲያርፍ ኖሮ ከፍተኛው የደንበኛ ደረጃ ላይ ደርሶ የአልማዝ አባል ሆኗል። የአልማዝ አባል ሲደርስ ከያዘው የተሻለ ክፍል ባዶ ከሆነ፣ ተጨማሪ ሳይከፍል ወደዚያ ይዛወራል። ሐረር ላይ የተሻለ የሚባለው ደግሞ አንድ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ያለው፣ ሰፊ ሳሎን ያለው፣ በመስኮቱ ጀጎል ከነግንቡ የሚታይበት ስዊት። እንደሻው ተከልክሎ አያውቅም።

ዛሬ ግን እንግዳ ተቀባይዋ ሀያት የሁለተኛ ፎቅ ካርድ አቀበለችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የያዙት ክፍል ነው።"

"የአልማዝ አባል ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። የሚዛወሩት ግን ሲኖር ነው። ስዊቱ ዛሬ የለም።"

ይህን ስትል ዓይኑን አላየችም። ይቅርታ የሚል ቃልም አልወጣትም።

እንደሻው የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። የለም መባል አይወድም፤ ያስቀየመውን ሰውም አይረሳም። እዚሁ ሆቴል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ፎጣ ሳትቀይር ብትቀር ከሥራ እስክትባረር ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም። አዲስ አበባ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተካሶ ዛሬም ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ከእህቱ ከጽጌሬዳ ጋር እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም፤ ተወልዶ ባደገበት ከተማ ሆቴል የሚያርፈውም ለዚህ ነው። የድሮ ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ሲያዩት ይሻገራሉ።

ቆሞ ስልኩን አወጣና የሆቴሉን መተግበሪያ ከፈተ። ስዊቱ ባዶ ነው ይላል። ስልኩን ወደ ሀያት አዙሮ አሳያት።

ሲስተሙ አንዳንዴ ይዘገያል አለችው። ማን ነው ያለው ብሎ ቢጠይቃት የእንግዳ ስም እንደማይነገር መለሰችለት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፤ ምንም እንደማትሠራበት ግን ያስታውቃል።

እንደሻው የሁለተኛ ፎቁን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄዶ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አስተናጋጅ በትልቅ ትሪ የሻይ ብርጭቆ ደርድሮ በፊቱ አለፈና ሊፍት ውስጥ ገባ። እንደሻው ከሊፍቱ በላይ ያለውን ቁጥር ተከታተለ። ከስዊቱ ሌላ ክፍል የሌለበት ላይኛው ፎቅ ላይ ቆመ።

አሁን ነገሩ ገባው። ባዶ ነው በተባለ ክፍል የሚጠጣ ሻይ ያለ ደረሰኝ የገባ ሰው ሻይ ነው። ልጅቷ ዘመዶቿን አስገብታ በእሱ መብት ታስተናግዳለች። ደሙ ፈላ።

ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገራት።

"ላይ ያስቀመጥሻቸው የማን ዘመዶች ናቸው?"

"የሁለተኛ ፎቁ ጥሩ ክፍል ነው። እዚያው ቢያርፉ ይሻልዎታል።"

"ነገ እዚህ ቦታ አትቆሚም።"

ሀያት የጠረጴዛውን ስልክ አነሳች።

ሥራ አስኪያጁ ለገሠ ተጠርቶ መጣ። እንደሻው ዘመዶቿ ናቸው ያላቸውን ሰዎች ጉዳይ በዝርዝር አስረዳው። ለገሠ ግን ሠራተኛዋን መቆጣቱን ትቶ እራት እንጋብዝዎት አለ፤ ያ አልሠራ ሲል ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጥሩ ሆቴል አለ፣ እኔው ደውዬ ላስይዝልዎት አለ። ግንባሩ አልቦት ነበር። ይሄኔ እንደሻው ሁለቱም አንድ ላይ እንደሆኑ እርግጠኛ ሆነ።

ለአልማዝ አባላት ብቻ ወደተዘጋጀው ቁጥር ደውሎ ስልኩን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት አነሳች። ስሙን ነገራት፤ ክፍሉን ነገራት። ጥቂት ካየች በኋላ ስዊቱ በሲስተሙ ባዶ መሆኑን፣ ባዶ ከሆነም የአባሉ መብት መሆኑን ተናገረች፤ ሥራ አስኪያጁም አሁኑኑ እንዲያስረክብ አዘዘች።

ለገሠ ለሀያት በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት። ሀያት የስዊቱን ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ እንደሻው ፊት ጣል አደረገችው።

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አለች። "ከገቡ በኋላ ቀይሩልኝ ቢሉ ሌላ ክፍል የለንም።"

"እኔ አልወጣም። ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን በየተራ አስወጣዋለሁ።"

በሊፍቱ ብቻውን ወጣ። ልቡ በድል ይመታል። የሚያገኛቸውን ሰዎች ፎቶ አንስቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊልክ ስልኩን አዘጋጅቶ ያዘ። ከበሩ ኋላ የሽማግሌ ሳል ሰማ። ሳያንኳኳ ካርዱን አስነካና በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። የተቀመጡት ሁሉ ብድግ አሉ። የእናቱ የግድግዳ ጎረቤት የነበሩት ሐጂ ዑስማን አሉ፤ የቤተሰቡ የንስሐ አባት አሉ፤ ከልጅነቱ የሚያውቃቸው ሌሎች ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም አሉ። ከኋላቸው፣ መስኮቱ ጥግ፣ ጽጌሬዳ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆማለች። በጣም ከስታለች።

"ግባ ልጄ" አሉ ሐጂ ዑስማን። "አዲስ አበባ ድረስ ብንመጣ ዘበኛህ ከበር መለሰን፤ ብንጠራህ እንደማትመጣ፣ ብትከለከል ግን ታግለህ እንደምትገባ ስላወቅን፣ ሀያትን ይሄን ክፍል ከልክዪው አልናት።"