አሥራ አራት ፍሬ ክኒን

«ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሳይውጡ ያለፉት ክኒን አለ? አንድም ቢሆን ይንገሩኝ» አለ ዶክተር ምልኬሳ፣ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ።

«አንድም አላለፈኝ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን አልጋው ላይ ተጋድመዋል፤ ከማሽኑ በሽቦ የተያያዙ ሁለት ሰፋፊ ፕላስተሮች ደረታቸው ላይ ተለጥፈዋል።

ልጃቸው ሮማነወርቅ ሸሚዛቸውን ታቅፋ ከራስጌያቸው ቆማለች። ቦርሳዋ ውስጥ አሥራ አራት ፍሬ ክኒን አለ። የሰባት ቀን፣ የጠዋትና የማታ።

የፍልሰታን የመጨረሻ ሳምንት ሱባኤ ሲገቡ ነው «በጸበሉ ላይ ሌላ ነገር አልደርብም» ብለው ያስረከቧት። ካህኑ ራሳቸው «ጸበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም ይዋጥ» ብለዋቸው ነበር። የት ሊሰሙ! አርባ ዓመት ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ የመስኖ ካቦ ሆነው ሰው ሲያዙ የኖሩ ሰው፣ መታዘዝ መቼ ያውቁበታል። እሷም አልተከራከረቻቸውም። ተጠምቀው ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ስታይ ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቱ ይኼ ነው። ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ እጇን ጭብጥ አድርገው ያዙና «ለሐኪሙ ትንፍሽ እንዳትዪ! በኪዳነምሕረት ገዝቼሻለሁ!» አሏት።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበ። ዕድሜው ገና ነው፤ ግን ከሽማግሌ ጋር ማውራት ያውቅበታል።

«አባባ፣ ደግሜ ልንገርዎት። የልብዎ የላይኛው ክፍል በወጉ አይመታም፣ ዝም ብሎ ይርገፈገፋል። ስለዚህ ደሙ ጥግ ይዞ ይቆማል። ቦይ ውስጥ የቆመ ውሃ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

«አረንጓዴ ይለብሳላ።»

«ደም ደግሞ ይረጋል። ክኒኑ እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው። አሁን በኤሌክትሪክ ስንመታው ልብዎ ወደ ምቱ ይመለሳል፤ የቦዩ በር ተከፈተ ማለት ነው። የረጋ ነገር ካለ ተጠርጎ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። የድሮው ክኒን በደም ምርመራ ይለካ ነበር፤ ይኼኛውን የምለካበት የለኝም። ልብን በጉሮሮ በኩል ገብቶ የሚያየው መሣሪያም እኛ ጋ የለም። ያለኝ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ካለፈዎት ምንም ችግር የለውም፣ ሌላ ሦስት ሳምንት በትክክል ይውጡና ያኔ እንሠራዋለን።»

ሌላ ሦስት ሳምንት። ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቴም ማሽኑ ተበላሽቶ ተመልሰዋል። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ለመድረስ አራት ቦታ ቁጭ ማለት ከጀመሩ ከርመዋል።

«ቃሌን ሰጠሁህ እኮ ልጄ» አሉ አባቷ። ይህን ሲሉ ያዩት ግን ዶክተሩን ሳይሆን እሷን ነበር።

«አባባ...» አለች ሮማነወርቅ።

«ምነው?»

«እግርዎን እንዳይበርድዎ ብዬ ነው» አለችና ነጠላዋን አውልቃ እግራቸው ላይ ጣል አደረገች። በራሷ አፈረች።

ሲስተር አማረች የሚያስተኛውን መድኃኒት በክንዳቸው ሰጠች። «እስቲ ይቁጠሩልኝ፣ አባባ» አለቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ፤ አራትን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ተከደነ።

ሮማነወርቅ አሁን ብትናገር አባቷ አይሰሙም። ኪዳነምሕረት ግን አልተኛችም። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ምን ይሆናሉ? ስንቱ ክኒን የሚባል ነገር ሳያይ ዘጠና ዓመት ይኖር የለ?

«ከአልጋው ራቅ ይበሉ» አላት ዶክተሩ።

ራቅ አለች።

የአባቷ ደረት ካልጋው ተነስቶ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ፣ ወራቱን ሙሉ እንዳሻው ሲዘል የከረመው መስመር፣ አንድ ጊዜ ቀጥ አለና እኩል እኩል መሄድ ጀመረ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

«ምቱ ገባልን!» አለ ዶክተሩ። ሲስተር አማረች በለሆሳስ እልል አለች። ሮማነወርቅ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጸበሉ ነው፣ አለች በልቧ፤ ኪዳነምሕረት ናት።

ትንሽ ቆይቶ አባቷ ነቁ። ደግፋ ቁጭ አደረገቻቸውና ሸሚዛቸውን አለበሰቻቸው። ዶክተሩ ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንድም ክኒን እንዳትረሱ፣ አደራ» ይላል። አባቷ የአንገታቸውን ቁልፍ ያዙ። ሌላ ሰው ሲቆልፍላቸው አይወዱም።

ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሳተ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ከአንገታቸው ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ። የሌላ ሰው እጅ የተቀመጠባቸው ይመስል ቁልቁል አዩት።

«አባባ? ልቆልፍልዎ?»

ሊመልሱላት ፈለጉ። የከንፈራቸው አንዱ ጎን ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ሰባት ቀን» አለች ሮማነወርቅ።

ዶክተሩ ዞረ። «ምን አሉኝ?»

«ሰባት ቀን አልዋጡም። እኔ ጋ ነው ያለው።» ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገለበጠችው። አሥራ አራቱ ክኒኖች ከነእሽጋቸው በነጠላዋ ላይ ወደቁ፤ አንድም አልተፈለፈለም። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ አባቷ ሮጠ።

ከራስጌያቸው ማሽኑ አንዲት ምት ሳያዛንፍ ይቆጥራል። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።