ሰባት ቅዳሜ

ሰውየው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። ከሱቅ ትይዩ መኪናውን ያቆማል፣ ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ ያወርዳል፣ ባለሱቁ ስኳር ሲመዝን ከሩቅ ያያል። «ባለሱቁ ካወቀህ ሚዛኑም ያውቅሃል» ይላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ልግዛ ብሎ ሲነሳ አስቡት። ሌላው ሰው ቤት ይገዛል፤ እሱ ሰፈር ይመዝናል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አምስተኛ ፎቅ ላይ በተከራዩት ሁለት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ከአልጋው ጋር አጋፍታ ትሰፋለች። የስድስት ዓመት ልጃቸው ደግሞ ገመድ ትዘላለች። የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚይዝላት ልጅ ስለሌለ ከበሩ እጀታ ጋር ታስረዋለች። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ሲደበድብ መዝለሉ ያበቃል።

«ግቢ አልልህም፣ ጓሮ አልልህም» አለችው ሚስቱ። «ለዚች ልጅ ገመድ የሚይዝላት ልጅ ያለበት ሰፈር ብቻ ፈልግልኝ።»

«ይህ ብቻ ነው እንዴ?» አለና አሥራ አንድ ሰፈር ጣለ። አንዱን ውሻ በዛበት ብሎ ጣለው። ሌላውን ደግሞ ውሻ የለበትም፣ የሚጠበቅ ነገር ቢጠፋ ነው ብሎ። አንዱን እንዲያው ዛፎቹ አላማሩትም። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ይባላል፤ እሱ መለካቱ ላይ ቀርቷል።

አሥራ ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ነው። ደላላው አንድ ቤት ሊያሳያቸው በራሱ መኪና ይዟቸው ሄደ። የግቢ በሮች ገርበብ ብለዋል። መንገዱ ላይ ልጆች እንደ ጫጩት ፈሰዋል። ሁለቱ ገመድ ያወዛውዛሉ፣ አንዷ ትዘላለች። ልጅቷ የአባቷን እጅ ለቀቀች።

«ይኸው፣ አገኘን» አለች ሚስቱ።

«ቆይ እንጂ። ደላላ የሚያሳይሽ ሰፈር ፊቱን ታጥቦ ነው የሚጠብቅሽ። ሰባት ቅዳሜ ስጪኝ።»

«ሰባት? እኔን ስታገባ ስንት ቀን አየኸኝ?»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ። ደላላው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ቅዳሜ ሲደርስ አሮጌ ነጭ መኪናውን አስነሳ። ግራ በሯ ሰማያዊ ነው፤ የራሷ በግጭት ስለተጨማደደ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የተገጠመ። ልጅቷ «ባለመጣፊያዋ» ትላታለች፤ የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለች። መንገዱ ዳር አቆመ፣ ኮፍያውን አወረደ፣ ደብተሩን ገለጠ። «ልጆች አሥራ አራት። በሮች ክፍት። ጥንቃቄ የላላ» ብሎ ጻፈ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጆቹ ዘጠኝ ሆኑ። ትይዩ ካለው ቤት መጋረጃ ተገለጠና አንድ ቀጭን ባለመነጽር ብቅ አለ። አየ፣ የሆነ ነገር ጻፈ፣ መጋረጃውን መለሰ። ሰውየው ኮፍያውን ይበልጥ አወረደ።

«መስኮት ሥር ተደብቆ ሰው የሚመዘግብ ጤነኛ አለ?» አላት ማታ ለሚስቱ።

«የለም» አለች፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች።

በሦስተኛው አራት ልጆች ብቻ፣ እነሱም ከየእናታቸው ቀሚስ ሥር። በአራተኛው አንድም ልጅ የለም፤ በየበሩ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በአምስተኛው ዱላ የያዘ ዘበኛ ተቀጠረ። ዘበኛው ወደ እሱ ሲያመራ መኪናውን አስነስቶ ላጥ አለ፤ ተቆጣጣሪ ማንነቱን አይናገርማ። በስድስተኛው ሁለት ቤቶች ላይ «የሚሸጥ» የሚል ተለጠፈ። በሰባተኛው ደላላው ራሱ ደወለ፦ ያዩት ቤት ዋጋው በሩብ ቀንሷል።

«አላልኩሽም?» አለ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ። «መጠበቅ ዋጋ አለው። ጸጥ ብሏል፣ ተቆልፏል፣ ዘበኛም አለው።»

«ልጆቹስ?»

«ፈተና ደርሶባቸው ይሆናል።» ትንሽ አሰበ። «ብቻ ያ ባለመነጽር አንድ ነገር አለበት። ሰዉን ከቤቱ የሚያስኮበልለው እሱ ነው። ግድ የለሽም፣ እሱን ለእኔ ተይው።»

ገዙ። ለጎደለችው ክፍያ ባለመጣፊያዋ ለአንድ ዶሮ ነጋዴ ተሸጠች። ዕቃቸውን በኪራይ መኪና ጭነው ገቡ።

ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ገመዷን ይዛ ደጅ ወጣች። በሁለተኛውም ወጣች። ሳምንት ሲሞላት ገመዱን ከግቢው በር እጀታ ጋር አሰረችው።

«አባዬ፣ ልጆቹም ተሸጡ እንዴ?»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሰውየው በዚያ ቀን ከደጅ አልተነሳም። ወንበር አውጥቶ፣ ዓይኑን ትይዩ ባለው መጋረጃ ላይ ተክሎ ዋለ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መጋረጃው ተነቃነቀ፣ በሩ ተከፈተ፣ ባለመነጽሩ ወረቀት ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሰውየው ተነስቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ይኸው፣ ጥፋተኛው በእግሩ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጎረቤት» አለ ባለመነጽሩ ለስለስ ብሎ። «ሳልመጣ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዲስ ሰው መፍራት ለምደን ነው። የሰፈሩ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ።»

«ልጆቹን ምን አደረጋችኋቸው?» አለ ሰውየው።

«ቤት ዘግተንባቸዋል። ወደን መሰለዎት? እስኪያዝ ድረስ ነው። የእርስዎንም ልጅ ከደጅ ያስገቧት፣ በሞቴ።»

«ማን እስኪያዝ?»

«ፊቱን ያየው የለም። እኔ ግን ከመስኮቴ ሆኜ መኪናውን መዝግቤዋለሁ።»

ወረቀቱን ዘረጋ። ሚስትየው ከኋላ መጥታ ቀድማ ተቀበለችውና ጮክ ብላ አነበበች፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አሮጌ ነጭ መኪና፤ ግራ በሩ ሰማያዊ።»