ራሱ የሚነሳው ፓምፕ

መስቀሌ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ አጎንብሶ የፓምፕ ሽቦ ሲቀጥል፣ የቀድሞ ሚስቱ ፀዳለ ከአዲሱ ባሏ ከኦይታ ጋር ስትስቅ ይሰማዋል። እሱ ቤት ሳለች እንዲህ ስቃ አታውቅም። ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮው ድረስ ወጣ።

ፓምፑ የኦይታ ጀልባ ውሃ ስታስገባ ራሱ ተነስቶ የሚያወጣ ነው። መስቀሌ ግን የሚያስነሳውን ሽቦ ሳያገናኝ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ከወለሉ ሥር ደበቀው። ነገ ኦይታ ለዓሣ ብቻውን ጫሞ ሐይቅ መሃል ይገባል፤ ዋና እንደማይችል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አለቀ» አለ ቀና ብሎ።

ኦይታ የመስቀሌን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ! እኔ እንኳ ቅር እንዳይልህ ሌላ ሰው እንፈልግ ብዬ ነበር፤ እሷ ናት ካንተ በቀር ማንም አይነካውም ያለችው።» መቅዘፊያውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ።

መስቀሌን ደስታም ሐፍረትም ባንድ ላይ ወረሩት።

ፀዳለ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ መጣችና ጀልባዋ ውስጥ ገለበጠችው። ፓምፑ ጭጭ አለ።

«እሱ ሳይመለስ ሽቦውን አገናኘው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እሷም ጀሪካኑን ደግማ ልትሞላ ወደ ሐይቁ ወረደች።