የራስ ምታት ክኒን

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ራሷን እያመማት ለቅሶ ቤቱ ደረሰች። ስትከታተለው የነበረውን ወጣት የገደለው አብዝቶ የዋጠው አደንዛዥ ክኒን ነው፤ እሷና አባትየው ግን «እናቱ አትችለውም» ተባብለው ልብ ድካም ነው ብለዋታል። አሁን የመጣችው የተረፈውን ክኒን ሰው ሳያገኘው ልትወስድ ነው። ራሷን ይዛ ስትገባ ያዩዋት ጎረቤት፣ እትዬ ዘርትሁን፣ «ለራስ ምታትሽ» ብለው ሁለት ክኒን ሰጧት፤ ዋጠችው።

እንደ ወጉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ቆየችና እናትየዋ ጋ ጓዳ ገባች።

«እናቴ፣ ልጅዎ ትራሱ ሥር ያስቀመጠው ክኒን የት አለ?»

«‹የራስ ምታቴ ነው› ይለኝ የነበረውን? ምን ያደርግልኛል ልጄ! በለቅሶ ራሱን ላመመው ሁሉ እንድታድልልኝ ለዘርትሁን ሰጠኋት። አንቺስ አልደረሰሽም?»

ከድንኳኑ ይሰማ የነበረው ለቅሶ ጸጥ ብሏል።